አናፊላክሲስ ምንድን ነው?

ደብረ ሲና ላይ ወርዳችሁ ቆሎ ገዛችሁ እንበል። ገብስ፣ ሽምብራ፣ ሱፍ፣ ለውዝም ጣል ጣል ተደርጎበታል። ጓደኛችሁ ሁለቴ ቃም አደረገ። የጣርማ በርን ዳገት ሳትጨርሱ ከንፈሩ አበጠ፣ ገላውን አሳከከው፣ ድምፁ ጎረነነ፣ ትንፋሽ አጠረው። ይሄ «ምግቡ አልተስማማውም» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። አናፊላክሲስ ይባላል፣ ከአለርጂ ሁሉ የከፋው ነው፣ ሰው ይገድላል።

የሰውነቱ መከላከያ ለውዙን እንደ ጠላት አይቶታል። ሂስታሚን የሚባለው ኬሚካልና መሰሎቹ ባንዴ ደም ውስጥ ይለቀቃሉ፤ የአየር ቧንቧው ይጠባል፣ የደም ሥሮቹ ይላላሉ፣ የደም ግፊቱ ያሽቆለቁላል። ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። አንዳንዱን ያስመልሰዋል፣ ሌላው ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይ ራሱን ይስታል። አስም ያለበት ሰው ደግሞ የበለጠ ያሰጋል። ባለፈው ትንሽ አሳክኮት ብቻ ስለተወው ዘንድሮም እንዲያው ያልፋል ማለት አይደለም።

ስሙን ያወጡት ፈረንሳዊዎቹ ተመራማሪዎች ቻርልስ ሪሼና ፖል ፖርቲየር ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1902። ውሾችን የባሕር እንስሳ መርዝ እንዲለምዱ ብለው ወጓቸው፤ በሁለተኛው ዙር ግን ጥቂቱ መርዝ ገደላቸው።

እኛ ጋ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል፣ ወይ ወተት ይጠጣል። ደቂቃዋ የምታልቀው እዚያ ላይ ነው! የሚያድነው አድሬናሊን የሚባለው መድኃኒት ነው፤ ጭን ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ጡንቻ ውስጥ ይወጋል። ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም ነው፣ ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። የአለርጂ ክኒን ማሳከኩን ያስታግስ እንደሆነ እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ካልደረስን ብላችሁ ዳገቱን አትግፉ፤ ወደ ኋላ መመለስም ቢሆን ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። እግሩን ከፍ አድርጋችሁ አስተኙት፣ መተንፈስ ከከበደው ይቀመጥ፣ ግን አታስኪዱት። ተሻለኝ ቢልም ከሰዓታት በኋላ ሊመለስበት ስለሚችል እዚያው ይቆይ።

ለውዝ ብቻም አይደለም። ሰሊጥ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፣ ስንዴም ያመጡታል። እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ጉርሻችን ነው። ማኅበር ላይ አንዱ «አይስማማኝም» ሲል «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» እንለዋለን፣ እሱም አፍሮ ይጎርሳል። በሞቴ አትበሉት። ይልቅ ሙቀጫው ለውዝ ወይ ሰሊጥ ነክቶ እንደሆነ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።