«ኖሚኔሽን ከፍለናል፣ ፈረሳችን ገብቷል» እና ሌሎች የፈረስ ሽልማት ወሬዎች

ዳላስ አካባቢ የሒሳብና የታክስ ሥራ እሠራለሁ። ከደንበኞቼ መካከል ከከተማው ወደ ሰሜን፣ በፓይለት ፖይንትና በዊትስቦሮ በኩል፣ የሬይኒንግ ፈረስ የሚያረቡና የሚያሠለጥኑ አሉ። ይህን የሰሙ ያገሬ ልጆች ነሐሴ በመጣ ቁጥር ስልኬን አያሳርፉትም። ላስ ቬጋስ ላይ «ዘ ረን ፎር ኤ ሚሊዮን» ይካሄዳል፣ ቪዲዮው በቴሌግራም ይዞራል፣ ከዚያ «አራት ሆነን አንድ ፈረስ ብንገዛስ?» ይጀመራል። ፈረስ መግዛት ነውር የለውም። እኔን የሚያደክመኝ ከጥያቄው ጋር ተያይዞ የሚመጣው እርግጠኝነት ነው። ሁሉም ደዋይ ሽልማቱን አስቀድሞ አካፍሎ ጨርሷል፣ ለእኔ የቀረችኝ የታክሷ ነገር ብቻ ናት።

ለማያውቀው፦ ሬይኒንግ ሩጫ አይደለም። ፈረሰኛው ለብቻው ሜዳ ገብቶ በቅደም ተከተል የታዘዘውን ያሳያል፤ ትልቅና ትንሽ ክብ ይጋልባል፣ ፈረሱን በኋላ እግሩ ላይ ተክሎ ያሽከረክራል፣ በሙሉ ፍጥነት መጥቶ አሸዋው ላይ እያንሸራተተ ያቆማል፣ ወደ ኋላ ያስኬዳል። ዳኛው ከ70 ነጥብ ይነሳና ለእያንዳንዱ ተግባር እስከ አንድ ተኩል ነጥብ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ጥፋት ካለ ደግሞ ቅጣቱ ለብቻው ይቆረጣል። የአሜሪካው ማኅበር፣ ናሽናል ሬይኒንግ ሆርስ አሶሲዬሽን፣ የተመሠረተው በ1966 ነው። ትልቁ ውድድሩ ፊውቹሪቲ ይባላል፤ የ3 ዓመት ፈረሶች ብቻ የሚገቡበት ሲሆን ከ1986 ጀምሮ ኦክላሆማ ሲቲ ነው የሚደረገው።

አሁን ወደ ወሬዎቹ።

«ውርርድ አለበት አይደል?»

የለበትም። ከተመልካች የውርርድ ኪስ ወደ ሽልማቱ የሚገባ ሳንቲም የለም። የውርርዱ ነገር የሩጫ ፈረስ ነው።

«አንደኛ ካልወጣህ ባዶ እጅህን ትመለሳለህ።»

ይህም አይደለም። ሽልማቱ እንደ ተወዳዳሪው ብዛት ከአንደኛው በታች ላሉትም ደረጃዎች ይከፋፈላል፤ በትልልቅ ውድድሮች ደግሞ አንዱ ግልቢያ በአንድ ጊዜ በተለያዩ ደረጃዎች ሊቆጠርና ከሁለት ቦታ ሊከፈልበት ይችላል። ችግሩ ታች ያለው ክፍያ ብዙ ጊዜ የመወዳደሪያውን ወጪ እንኳ አለመሸፈኑ ነው። «ገንዘብ አገኘን» ብሎ የሚደውልልኝን ሰው «ስንት አወጣችሁ?» ስለው ዝም ይላል።

«የሚሊዮን ዶላር ውድድር ከሆነ አሸናፊው ሚሊዮኑን ይወስዳል።»

ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ጠቅላላው ድምር ነው። የላስ ቬጋሱ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በ2019 ሲካሄድ ኬድ ማክከቸንና ክሬግ ሽመርሳል እኩል ነጥብ አምጥተው አንደኝነቱን ተካፈሉ። የደረሳቸው 375,000 ዶላር፣ 375,000 ዶላር ነው። ሲያዩት ትልቅ ገንዘብ ነው፣ አዎ። ግን ሚሊዮን አይደለም፤ ደግሞም በተለምዶ መጀመሪያ የሚገባው ለፈረሱ ባለቤት ነው፣ ጋላቢው በስምምነቱ መሠረት ድርሻውን ያገኛል።

ከዚሁ ጋር የምትመጣ ታናሽ እህት አለች፦ «ሚሊዮን ዶላር ራይደር የሚባለው ሰውዬ ሚሊየነር ነው።» ማኅበሩ ይህን ማዕረግ የሚሰጠው ጋላቢው በጋለባቸው ፈረሶች የተገኘውን ሽልማት በዕድሜው ሁሉ ደምሮ ነው። ሾን ፍላሪዳ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተመዝግቦለታል። ያ ገንዘብ ግን በሙሉ እሱ ቤት አልገባም፤ አብዛኛው ለፈረሶቹ ባለቤቶች ሄዷል። ማዕረጉ የችሎታ መለኪያ ነው እንጂ የባንክ ደብተር አይደለም።

«ኖሚኔሽን ማለት ምዝገባ ነው። አንዴ ከከፈልክ ፈረስህ ገባ፤ ሽልማቱን የሚከፍለው ስፖንሰር ነው።»

እሺ፣ እዚህ ላይ እንቀመጥ። ሌላው ወሬ ሁሉ ቢቀር ይህቺ ብቻ ሰው ታከስራለች።

ኖሚኔሽን የሚከፈለው ፈረሱ ለአንድ ውድድር ብቁ ሆኖ እንዲቆይ ነው። ሲወዳደር የሚከፈለው የኢንትሪ ክፍያ ሌላ ነው። የዳኛው፣ የቢሮው፣ የጋጣው ክፍያ ደግሞ ሌላ፣ ሌላ፣ ሌላ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባል የለ? ኖሚኔሽንም ደጃፍ ድረስ ያደርሳል እንጂ አይወዳደርም። የሚከፈለውም በአንድ ጊዜ አይደለም፤ በየቀነ ገደቡ ተከፋፍሎ ነው፣ ያውም ፈረሱ ለዚያ ውድድር ይብቃ አይብቃ በወጉ ሳይታወቅ። አንዱ ቀን ካመለጠ ወይ ፈረሱ ይወጣል፣ ወይ በቅጣት ይመለሳል። ቅጣቱ ደግሞ ሆን ተብሎ የሚያም ተደርጎ ነው የሚቆረጠው፤ አለዚያ ማን ቀድሞ ይከፍላል? ሁሉም ፈረሱ መልካም መሆኑን አይቶ በመጨረሻው ሰዓት ይመጣ ነበር።

በሩጫው ዓለም ይኸው አሠራር ቁጥሩ ገዝፎ ስለሚታይ ከዚያ ልጥቀስ። ለኬንታኪ ደርቢና ለተከታዮቹ ሁለት ውድድሮች ፈረሱን በጥር ያስመዘገበ 600 ዶላር ይከፍላል። ያንን ያሳለፈ በሁለተኛው ዙር 6,000። ሁለቱንም አሳልፎ በመጨረሻ የነቃ፣ ደርቢውን ለመድረስ 200,000። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለመግባት 25,000፣ ለመሮጥ ደግሞ ሌላ 25,000 ዶላር አለ። በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፈረሶች 600ውን ይከፍላሉ፤ መነሻው ላይ የሚቆሙት ቢበዛ 20 ናቸው። የቀሩት ገንዘባቸው አይመለስላቸውም።

ቅጣቱን ከፍሎ የተሳካለት ሰው ታሪክም አለ፤ ደዋዮቼ ቢያውቁት ኖሮ ሌት ተቀን እሱን ብቻ ይነግሩኝ ነበር። በ1984 የብሪደርስ ካፕ የተባለው የሩጫ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ካሊፎርኒያ፣ ሆሊውድ ፓርክ ላይ ሲካሄድ ዋይልድ አጌን የተባለው ፈረስ ኖሚኔሽኑ የተሟላ አልነበረም። ባለቤቶቹ ከ3 ሚሊዮን ዶላሩ ሽልማት 12 በመቶውን፣ 360,000 ዶላር፣ አስቀምጠው አስገቡት። ከ30 በላይ ለ1 ነበር የሚወራረዱበት፤ ማንም አልጠበቀውም። ፓት ዴይ ጋልቦት፣ እስከ መጨረሻው ከሁለት ፈረሶች ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ፣ አሸነፈ። የአንደኛው ድርሻ 1,350,000 ዶላር ነበር። እስቲ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ እንየው። 360,000ውን ሲቀንሱ 990,000 ይቀራል። እንደ ሩጫው ልማድ ለጋላቢው 10 በመቶ፣ ለአሠልጣኙም 10 በመቶ ቢወጣ 270,000 ይሄዳል፤ ቀሪው 720,000 ነው። ግሩም ትርፍ። ግን አንገት በአንገት ደርሶ ሦስተኛ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ይከስር እንደነበር የሚጠይቀኝ የለም።

አሁን ወደ ስፖንሰሩ። ሜዳው ዙሪያ የተሰቀለውን የኮርቻና የመኪና ማስታወቂያ አይቶ ሰው «እነዚህ ናቸው የሚከፍሉት» ይላል። ስፖንሰር የለም አልልም። ነገር ግን ከሽልማቱ ብዙው የሚመጣው ከራሳቸው ከፈረስ ባለቤቶች ነው። እቁብ በሉት፤ ልዩነቱ፣ እዚህ ዕጣው ለሁሉም ተራ አይደርስም፣ ሰብሳቢውም የራሱን ይቆርጣል።

ማስታወቂያው ላይ «20,000 አደድ» የሚል ካያችሁ፣ አዘጋጁ ከሌላ ምንጭ የሚጨምረው 20,000 ነው ማለት ነው፤ የቀረው ከኢንትሪው ይሞላል። ለምሳሌ 40 ፈረስ እያንዳንዱ 800 ቢከፍል 32,000 ይሆናል። አዘጋጁ ከዚያ ላይ ሩቡን ቢያስቀር 24,000 ይተርፋል፤ ከ20,000ው ጋር 44,000። በዚያው ውድድር 20 ፈረስ ብቻ ከመጣ 32,000 ላይ ይወርዳል። ስለዚህ «ሽልማቱ ስንት ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ «ስንት ሰው ይመጣል?» ብዬ የምመልሰው ልቀልድ ብዬ አይደለም። «ጋራንቲድ» የሚል ከተጻፈ ነገሩ ይለያል፣ ቁጥሩ የተረጋገጠ ነው፤ «ኤስቲሜትድ» ከሆነ ግምት ነው፤ «ጃክፖት» ከሆነ ደግሞ ከተወዳዳሪው በቀር የሚጨምር የለም። እነዚህን አራት ቃላት ሳይለይ ቼክ የሚጽፍ ሰው ይገርመኛል።

የድንጉላ ባለቤቶችም ይከፍላሉ። ናሽናል ሬይኒንግ ብሪደርስ ክላሲክ የተባለውን ውድድር ብንወስድ፣ የተገነባው በዚሁ ላይ ነው፦ የድንጉላው ባለቤት በየዓመቱ ከፍሎ ያስመዘግበዋል፣ መግባት የሚችሉትም የተመዘገቡ ድንጉላዎች ልጆች ናቸው። ባለቤቱ ለምን ይከፍላል? የልጆቹ ሽልማት የአባቱን የማጥቂያ ዋጋ ስለሚያስወድድ ነዋ። ለእናንተ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ያማራችሁ ፈረስ አባቱ ካልተመዘገበ፣ እንደ ንፋስ ቢሽከረከርም እዚያ ሜዳ አይገባም። ከመግዛታችሁ በፊት የአባቱን ስም ይዛችሁ ዝርዝሩን ተመልከቱ።

እሱን ብቻ ሳይሆን የክፍያውንም ወረቀት። ባለፈው ጊዜ የከባድ መኪና ሥራ ያለው አንድ ደንበኛዬ፣ ሐበሻ ነው፣ ለፊውቹሪቲ የምትሆን የ3 ዓመት ባዝራ ገዛ። ሻጩ «ሁሉም ተከፍሏል» ብሎታል። እሱም አምኖ ወረቀቱን ለታክስ ፋይል ብሎ ወደ እኔ ላከው። አንድ ገጽ ነው፤ ከላይ የባዝራዋ ስምና የምዝገባ ቁጥሯ፣ ከሥር የክፍያ ቀናት በተርታ፣ ከእያንዳንዱ ጎን የተከፈለበት ቀን። የመጨረሻው መስመር ጎን ባዶ ነበር። ቀነ ገደቡ እሱ ከመግዛቱ በፊት አልፏል። ሻጩ አልዋሸም ይሆናል፣ «ሁሉም» ሲል እስከዚያን ቀን የከፈለውን ማለቱ ነው። ቅጣቱን የከፈለው ግን ደንበኛዬ ነው። ኖሚኔሽን ብዙውን ጊዜ ከፈረሱ ጋር ይሄዳል፤ ሲሄድ ጉድለቱም አብሮ ይሄዳል። ደረሰኙን ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከውድድሩ ቢሮ ጠይቁ። አንድ ስልክ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

«አማተር ገንዘብ መውሰድ አይፈቀድለትም።»

ይፈቀድለታል። ኖን ፕሮ የሚባለው የሌላ ሰው ፈረስ በክፍያ የማያሠለጥን ማለት ነው፤ ሽልማት መውሰድ ይችላል።

«ኪሳራ ከሆነም ከታክስ ላይ እናወራርደዋለን።»

ይህቺን ጋሼ የምላቸው አንድ የተከበሩ ሰው ሳይቀሩ ይነግሩኛል፣ ያውም እያስተማሩኝ። የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ ንግድ ነው ወይስ መዝናኛ?» ብሎ ነው። ለፈረስ ማርባት፣ ማሠልጠንና ማወዳደር ሕጉ ትንሽ ለቀቅ ይላል፤ ከ7 ዓመት በ2ቱ ያተረፈ ለትርፍ የሚሠራ ነው ተብሎ ይገመታል። ለሌላው ሥራ ከ5 ዓመት 3 ነው። ያላተረፈም ንግድ መሆኑን ማስረዳት ይችላል፣ ግን በወረቀት ነው፦ የተለየ የባንክ ሒሳብ፣ ዕቅድ፣ የየወሩ ደረሰኝ። ከግሮሰሪው ካርድ ላይ የፈረስ መኖ የሚከፍል ሰው ምን ብሎ ያስረዳል?

መዝናኛ ነው ከተባለ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ወጪው ጨርሶ አይቀነስም፤ ገቢው ግን ታክስ ይከፈልበታል። 35,000 አውጥቶ 20,000 ሽልማት ያገኘ ሰው 15,000 ከስሮ ሳለ በ20,000ው ላይ ታክስ ይከፍላል። ይህን ስነግራቸው እኔን እንደ ሕግ አውጪው ያዩኛል።

አራት ሆናችሁ ስትገቡ ደግሞ ሌላ አለ። ሥራው ውስጥ ራሱ የማይሠራ፣ ገንዘቡን ሰጥቶ ዳላስ የተቀመጠ ባለ ድርሻ፣ ነገሩ ንግድ ቢሆንም እንኳ ኪሳራውን ከደመወዙ ላይ መቀነስ አይችልም፤ ሌላ እንዲህ ራሱ ሳይሠራበት የሚመጣ ገቢ እስኪያገኝ ወይም ድርሻውን እስኪሸጥ ይንጠለጠላል። እንግዲህ «እናወራርዳለን» የምትሉት ከምን ላይ ነው?

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ አሁንም መግዛት ከፈለጋችሁ፣ ፈረሱን ከማየታችሁ በፊት አራታችሁ ቁጭ በሉና ጻፉ። ከአራቱ አንዱ በሦስተኛው ወር ማሠልጠኛውን መክፈል ቢያቅተው፣ እሱም በወር ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፣ ድርሻው ለማን ይሄዳል? የኖሚኔሽኑን ቀን ማን ይከታተላል፣ ባያስታውስ ቅጣቱ የማን ነው? ፈረሱ ቢያነክስ የሐኪሙን ወጪ እስከ ስንት ድረስ ትከፍላላችሁ? ሽልማቱ የሚወጣው በማን ስም ነው? በአንዱ ስም ከወጣ ታክሱ በእሱ ላይ ይመጣል፣ ሌሎቻችሁም ድርሻችሁን ስትጠይቁት በቅድሚያ የሚያነሳው ታክሱን ነው። ወረቀቱን ፈርማችሁ ስትጨርሱ ደውሉልኝ፤ ካልፈረማችሁ ግን የሚሊዮኑን ቪዲዮ አትላኩልኝ፣ አይቼዋለሁ።