ንቁ እርጅና ምንድን ነው? ሶምሶማ ብቻ እንዳይመስላችሁ

ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር በማለዳ ስኒከራቸውን አስረው የሚራመዱ አዛውንት ፎቶ በተለጠፈ ቁጥር፣ ከሥሩ «ንቁ እርጅና ማለት እንዲህ ነው!» የሚል አይጠፋም። እሱስ ባልከፋ። የሚያናድደው ተከትሎ የሚመጣው ነው፦ «ቤት የዋሉት ራሳቸውን ስለጣሉ ነው፤ ተነስተው ቢንቀሳቀሱ ኖሮ ምንም ባልሆኑ ነበር።» አንዱ አስተያየት ሰጪማ ጡረታ የወጣውን ሁሉ ለሁለት ከፈለው፤ የሚራመድና ሰነፍ። ጉልበቱን የሚያመው፣ ዓይኑ የደከመው፣ የባጃጅ ሳንቲም ያጣው የት እንደሚመደብ አልነገረንም።

የዓለም ጤና ድርጅት የንቁ እርጅናን ማዕቀፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ማድሪድ ላይ ለተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የእርጅና ጉባኤ ነው። ሐሳቡ ሲጠቀለል፣ ሰው ዕድሜው ሲገፋ ኑሮው የተሻለ እንዲሆን ለጤና፣ ለተሳትፎና ለዋስትና ያለውን ዕድል ማስፋት ማለት ነው። ስፖርት ከሦስቱ አንዱ እንኳ አይደለም፤ ጤናን ከሚያግዙ ልማዶች መካከል የሚቆጠር ነው። ዊልቸር ላይ ተቀምጠው የዕድራቸውን መዝገብ የሚይዙ እናት በዚህ መለኪያ ንቁ ናቸው። በየቀኑ አምስት ኪሎ ሜትር ተራምዶ ሲመለስ የሚያናግረው የሌለ፣ የመድኃኒት መግዣም ያጣ ሰው ግን ሁለቱ ጎድለውበታል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት ነገሩን ይበልጥ አጥብቆታል፤ ዋናው ጥያቄ ሰውየው ለእሱ ቁም ነገር የሆነውን ማድረግ ይችላል ወይ የሚለው ሆነ። ይህም የሚወሰነው በሰውየው አቅም፣ በሚኖርበት አካባቢና ሁለቱ እንዴት እንደተጋጠሙ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2030 የሚቆየው የተባበሩት መንግሥታት የጤናማ እርጅና አሥርት ዓመትም የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

የባጃጅ ከተማ ውስጥ ነንና በባጃጅ ላስረዳ። የፊቱ ጎማ ግላዊው ነው፤ ጡንቻ፣ ዓይን፣ ጆሮ፣ ልማድ፣ ስሜት። የኋላዎቹ አካባቢና ማኅበራዊ ኑሮ ናቸው። ባጃጅ የሚገፋው ደግሞ ከኋላ ነው፤ የፊቱ ጎማ አቅጣጫ ይሰጣል እንጂ አይነዳም። አስተያየት ሰጪያችን የኋላው ተንፍሶ ሳለ የፊቱን እየነፋ «ለምን አይሄድም?» ይላል። ከኋላ አንዱ ሲተነፍስ ደግሞ መሪው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፣ ሾፌሩም እጁ እስኪዝል ይታገላል፤ በእርጅና «ፈቃደኝነት አጣ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ድካም ነው። ምሳሌው የማይሠራበት ቦታም አለ። የባጃጅ ሦስቱም ጎማ በአንድ ስኮርታ ይተካል። የሰው እንዲህ አይደለም፤ የልጅ ክንድ ቦይ ያሻግራል እንጂ የዓይን ሞራን አይገፍም።

ግላዊውን ቶሎ ልለፈው፣ ሁሉም የሚያወራው እሱን ነውና። ዕድሜው 65 ላለፈ ሰው የሚመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ መሆኑን ብዙ ሰው ሰምቷል። የሚረሳው ቀጥሎ ያለው ነው፤ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር፣ ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛን የሚያስጠብቅ ሥራ። መራመድ ብቻውን ከመውደቅ አያድንም። ቤት ውስጥ መሞከር ለሚፈልግ፦ ግድግዳ ያስደገፉት፣ ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ እጅ ደረት ላይ ተጣምሮ አምስት ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ ነው። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ የጭን ጡንቻ ደክሟል። አራት ሜትር በተለመደው እርምጃ ከአምስት ሰከንድ በላይ ከወሰደም እንዲሁ ምልክት ነው። አጠገብ ሰው ይቁም። ልምምዱም ያው ነው፤ ስምንት ጊዜ መነሳት፣ ሲቀመጡ ቀስ ማለት፣ አረፍ ብሎ መድገም። ያልቻለ መቀመጫው ላይ የታጠፈ ጋቢ ደርቦ ከፍታውን ይጨምር፤ እየጠነከረ ሲሄድ ያንሳው።

ሳይጠየቅ የሚጨመር አለ። ሲነሱ የሚያዞራቸው ሰዎች ችግራቸው ስንፍና ሳይሆን ክኒን ሊሆን ይችላል። የደም ግፊታቸው ተኝተው ይለካ፣ ከዚያ ቆመው በሦስት ደቂቃ ውስጥ እንደገና ይለካ፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ልምምዱ ይቆይና መድኃኒታቸውን ሐኪም ይየው። ምግብም እንዲሁ ነው። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን እጅግ ጥቂት ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን አዛውንት በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ 100 ግራም የቆሮሶ ዓሣ ሥጋ 20 ግራም ገደማ ይሰጣል፣ በጾም ቦሎቄና ምስር ያግዛሉ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን በዚህ ቁጥር አይመራ። ጥርስ ከሌለ ደግሞ ሁሉም ከንቱ ነው፤ ይፈጭ፣ ይላም።

አሁን ወደ ኋላ ጎማ። አሥራ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው አስፋልት በሰከንድ 0.8 ሜትር ለሚራመድ ሰው 15 ሰከንድ ይፈጃል። መናኸሪያ አካባቢ 15 ሰከንድ ሙሉ የሚታገስ ሾፌር ካያችሁ ንገሩኝ። ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ ለእግረኛ የተመቸች ትመስላለች፤ ነገር ግን ክዳኑ የተነሳ ቦይ ለአንድ ሽማግሌ ከታቦር ተራራ አይተናነስም። የዓይን ሞራ ለጀመረው ሰው ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ያለ መብራት የሚወጣ መንገድ መንገድ አይደለም። የዓይን ሞራ በአገራችን ዋነኛው የዓይነ ስውርነት መንስኤ ነው፣ በቀዶ ሕክምና የሚስተካከልም ነው፤ «ሰውዬው ከቤት መውጣት ጠሉ» ከማለት በፊት ዓይናቸው ይታይ።

ቤት ውስጥ ጠላቱ በርጩማ ነው። ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጦ መነሳት ከወንበር ከመነሳት እጅግ የበለጠ የጭን ጉልበት ይጠይቃል። ቀጥሎ ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ይመጣል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች ምን እንደሚያደርጉ የሚያውቅ ያውቃል፤ ሽንት ቤት ላለመሄድ ውሃ ይቀንሳሉ። ከዚያ ድርቀት፣ ማዞር፣ የሽንት ኢንፌክሽን ይከተላል፣ «እርጅና ተጫናቸው» ይባላል። መፍትሔው ግድግዳው ላይ በብሎን የታሰረ፣ እጅ የሚጨብጠው ከሦስት እስከ አራት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ነው። በሚስማር የተመታ እንጨት አይሆንም፣ ሲደገፉበት ይነቀላል። የበሩ ደፍ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 1.8 ሜትር ይርዘም፤ አሳጥሮ ማቆም ለዊልቸርም ለምርኩዝም አደጋ ነው። ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ሌሊቱን የሚበራ አንዲት አምፖል ትኑር፣ ተረከዙ ክፍት የሆነው ሸበጥ ይቅር።

ውሃውም አካባቢ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይዱ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም የሚያልፍ ጉድጓድ ብዙ ነው። ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ጥርስን ብቻ አያበላሽም፤ አከርካሪና መገጣጠሚያን ያደርቃል። በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ከታየ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኖታል። ማፍላት አያወጣውም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ያከማቸዋል፤ የሚያግዘው የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ወይም ሌላ የውሃ ምንጭ ነው። አንገቱን ማዞር ያቃተውን ገበሬ «ስፖርት ሥራ» ማለት ምን ይባላል?

ማኅበራዊው ላይ ጥፋቱ የሚሠራው ከክብር ነው። «አባባ እርስዎ ቁጭ ይበሉ፣ እኛ እናመጣለን።» ውሃ ይቀርብላቸዋል፣ ጫማ ይወልቅላቸዋል፣ ሱቅ መላክ ቀረ፣ ከብት ማየት ቀረ፣ ሒሳብ መያዝ ቀረ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጭናቸው ይሳሳል። ልጆቹ አጥፊዎች አይደሉም፤ ሆኖም ለአባታቸው ሥራ ቢተዉላቸው ይበጃል። ጎንበስ የማያሰኝ፣ ከባድ ያልሆነ፣ ግን ካልተሠራ የሚታወቅ ሥራ ይሁን፤ ቡና መልቀም፣ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ የዕድር መዋጮ መሰብሰብ። ሲዳማ በዚህ አይታማም። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው ፊቼ ጫምባላላ ያለ አባቶች አይከበርም፣ ቀኑንም የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። ግን ይህ ሚና በአብዛኛው የወንድ ነው፤ ባሏ የሞተባት አሮጊት የት እንደምትቀመጥ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጡረታውም በ60 ዓመት የሚገኘው ተቀጥሮ ለሠራ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ ስትሸጥ ለኖረች ሴት ዋስትና ማለት ልጅ፣ ዕቁብና የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ደብተር ነው፤ ደብተሩም ሳይታደስ ካለፈ እሱም የለም።

እንግዲህ አንድ ሽማግሌ ዕድር መምጣት ሲያቆሙ ከመውቀስ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። መጀመሪያ ጆሯቸው፤ በኩክ የተደፈነ ጆሮ በጤና ጣቢያ በአንድ ቀን ይጸዳል፣ ስብሰባ ላይ የማይሰማ ሰው ግን ሦስት ጊዜ ከተሳቀበት አራተኛ አይመጣም። ቀጥሎ የእግራቸው ጥፍርና ጫማቸው። ከዚያ ድንኳኑ አጠገብ ሽንት ቤት መኖሩ። ይህን የመጨረሻውን ማንም አይጠይቅም፤ ሽንት የሚያመጣ የግፊት ክኒን የሚወስዱ ሰዎች ወጣ በሚሉበት ቀን ክኒኑን ይተዉታል፣ ክሊኒክ በሚሄዱበት ቀንም ጭምር። ሐኪሙ ከፍ ያለ ግፊት ያይና ሌላ ክኒን ይጨምራል። እንዲህ ከሆነ የሚሻለው ክኒኑ መተዉን ለሐኪሙ በግልጽ ነግሮ፣ መውሰጃው ሰዓት ከመውጫቸው ጋር እንዲስማማ ማስለወጥ ነው።