የሚያዜም አሸዋ ምንድን ነው?

በረሃ መሃል ካለ ትልቅ የአሸዋ ጉብታ አናት ላይ ሆናችሁ አሸዋውን ቁልቁል ናዱት። ሁሉም ባይሆን አንዳንዱ ያጓራል። ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላን ይመስላል፤ ደረት ድረስ ይዘልቃል። ለደቂቃዎች ሊቆይ፣ 10 ኪሎ ሜትር ርቆም ሊሰማ ይችላል። ማርኮ ፖሎ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የእስያን በረሃ ሲያቋርጥ የመናፍስት ድምፅና ከበሮ ይሰማል ብሎ ጽፏል። እውነት ለመናገር፣ ሌሊት ብቻዬን ብሰማው እኔም የተሻለ ማብራሪያ አይመጣልኝም።

ነፋሱ ነው እንዴ? አይደለም። የነፋሱ ሥራ አሸዋውን አናቱ ላይ መከመር ነው። ቁልቁለቱ ከ30 ዲግሪ ትንሽ ሲያልፍ የላዩ ሽፋን ይናዳል። የሚያዜመው ያ ናዳ ነው። ጸጥ ባለ ቀን በእግር ብትንዱትም ያው ነው። ብቻ አሸዋው ይድረቅ፤ እርጥበት ካጣበቀው ዝም ይላል።

ሲናድ እያንዳንዱ ቅንጣት ከሥሩ ባለው ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ይህ በሴኮንድ 100 ጊዜ ያህል ከሆነ፣ የምንሰማውም 100 ኸርዝ ገደማ ነው። ምቱን የሚወስነው የቅንጣቱ መጠን ነው። ተለቅ ያለው ወፍራም ድምፅ ያወጣል፣ ደቃቁ ቀጭን። ሞሮኮ ውስጥ 0.16 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ አሸዋ 105 ኸርዝ ላይ ያዜማል። የኦማኑ ግን ከ0.15 እስከ 0.31 ሚሊ ሜትር ድብልቅ ነው፤ ድምፁም ከ90 እስከ 150 ኸርዝ ይዘበራረቃል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ይህንኑ አሸዋ ወስደው በወንፊት ነፉት። እኩያ እኩያው ብቻ ሲቀር ድምፁ ጠራ፤ 90 ኸርዝ አካባቢ ረጋ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

የባሕር ዳር አሸዋ ሲረገጥ የሚያሰማው ሲጥታ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከ500 ኸርዝ በላይ የሆነ፣ ሩብ ሴኮንድ እንኳ የማይሞላ ድምፅ።

የሚከብደው ጥያቄ ይሄ ነው። ስፍር ቁጥር የሌለው ቅንጣት በየራሱ ጊዜ ቢጋጭ የምንሰማው ሿሿታ ብቻ ነበር። ዜማ የሚሆነው አብረው ሲመቱ ነው። አዳራሽ ውስጥ የተበታተነ ጭብጨባ ሳይታሰብ አንድ ምት ይይዝ የለ? ግን ምቱን ማን ሰጠ? እዚህ ላይ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ ቅንጣቶቹ ራሳቸው በሚያስነሱት ሞገድ ይገጣጠማሉ ይላሉ። ካሊፎርኒያ በረሃ ሄደው የለኩት ደግሞ የጉብታው ደረቅ ሽፋን ድምፁን ውስጡ አምቆ አንዱን መርጦ ያጎላዋል፣ እንደ ዋሽንት ቱቦ፣ ባይ ናቸው። እኔ ወደ መጀመሪያዎቹ አደላለሁ። ተመራማሪዎቹ የኦማኑን አሸዋ ያዘመሩት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ እዚያ ጉብታ የለማ።