አንድ ሳንቲም ሲሆን ዝም፣ ሁለት ሲሆን ሪፖርት

እንግሊዝ አገር ሜታል ዲቴክተር (መሬት ውስጥ ያለ ብረት የሚጠቁም መሣሪያ) ይዘው ማሳ የሚያስሱ ሰዎችን ግራ የሚያጋባ አንድ ቃል አለ፦ «ትሬዠር»። ውድ ሀብት ማለት ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ግን ዋጋው ብቻውን አይወስንም።

ከ300 ዓመት በላይ የቆየ አንድ የወርቅ ሳንቲም ብቻውን ቢገኝ፣ በአብዛኛው ትሬዠር አይባልም። እዚያው ቦታ ሁለተኛው ብቅ ካለ ግን ነገሩ ተቀየረ። የነሐስ ከሆኑ ደግሞ ቢያንስ 10 መሆን አለባቸው። ቀለበት ላይ ቆጠራ የለም፤ ዕድሜው ከደረሰና ከብረቱ 10 በመቶው ወርቅ ወይም ብር ከሆነ አንዱም ይበቃል።

ከ2023 ወዲህ ከ200 ዓመት በላይ የሆነው ዕቃ፣ ቢያንስ በከፊል ከብረት (የትኛውም ዓይነት ይሁን) ከተሠራና ለታሪክ ልዩ ፋይዳ ካለው ይካተታል። «ልዩ» የሚለው ቃል ማከራከሩ አይቀርም።

ትሬዠር ያገኘ ሰው ሪፖርት ማድረግ አለበት፤ ሪፖርቱም በ14 ቀን ውስጥ ለኮሮነር ነው። አዎ፣ ያው አጠራጣሪ አሟሟት የሚመረምረው ባለሥልጣን! ቀኑ የሚቆጠረው ዕቃው ከተገኘበት ወይም ትሬዠር ሊሆን እንደሚችል ከታወቀበት ዕለት ነው። ሙዚየም ከፈለገው ሽልማቱን አብዛኛውን ጊዜ አግኚውና ባለመሬቱ ይካፈሉታል።

ስኮትላንድ ሌላ ነው። እዚያ አንዲት ጥንታዊ ሳንቲምም ብትሆን ሪፖርት ይደረጋል።