«ካሜራ አይዋሽም» እና ሌሎች ስለ ረሃባችን ምስሎች የሚነገሩ ነገሮች

የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው ያነበብነውን ሳይሆን ያየነውን ነው። በእነዚያ ምስሎች ዙሪያ ከመደጋገም ብዛት እንደ እውነት የተያዙ አባባሎች አሉ። ዘመኑን በሙሉ በእኛ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

«ካሜራ አይዋሽም»

ካሜራ ሳይዋሽም ሊያሳስት ይችላል። ለዚህ ከመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት የሚበልጥ ምስክር የለንም። በጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ፤ ያየው ሕዝብም ገንዘብ አዋጣ። ዓመት ሊሞላው ሲል ደርግ ያንኑ ፊልም ወስዶ፣ በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥቱን ድግስና ጃንሆይ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳዩ ምስሎችን እያስገባ፣ በዕንቁጣጣሽ ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ከምስሎቹ አንዱም የፈጠራ አልነበረም። ሕፃኑ በእርግጥ ይራብ ነበር፤ ውሻውም በእርግጥ ይበላ ነበር። ሆኖም ለእንግሊዙ ተመልካች «እርዱ» ያለው ምስል ለአዲስ አበባው «ፍረዱ» አለ። የንጉሡ መንግሥት ረሃቡን መደበቁ እውነት ነው፤ ፍርዱም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ነገር ግን ፍርዱን የጻፈው ካሜራው ሳይሆን መቀሱን የያዘው እጅ ነበር። ያ እጅ ደግሞ የራሱ ፍላጎት ነበረው።

«የኮረምን ሰቆቃ ለዓለም ያሳየው ነጭ ጋዜጠኛ ነው»

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ፣ በሰሜን ካለችው ከኮረም ከተማ በታየው የረሃብ ዘገባ ላይ የሚሰማው ድምፅ የእንግሊዛዊው የማይክል በርክ ነው። ካሜራውን የያዘው ግን ናይሮቢ የተወለደው ኬንያዊ መሐመድ አሚን ነበር። ይህ ሰው በግንቦት 1983 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራውን ይዞ ወደ ሥራው ተመለሰ። በኅዳር 1989 የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከሞቱት መንገደኞች አንዱ ነበር። ሥራውን ሁላችንም እያወቅነው ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው መሆኑ ይቆጨኛል።

«ምስሉ የረሃቡን ምክንያት ነግሮናል»

አልነገረንም። ዘገባው በኮረም ሜዳ ላይ ከሚፈነጥቀው የማለዳ ጮራ ይጀምርና ያንን መከራ በመጽሐፍ ቅዱስ ከተጻፈው ዓይነት ረሃብ ጋር ያመሳስለዋል። ብርድ፣ አቧራ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አስከሬን ይታያል። ተመልካቹ ነገሩን ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም። በትግራይና በሰሜን ወሎ የሚካሄደው ጦርነት፣ የሚደበደበው ገበያ፣ ገበሬው እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክብ የሚያስገድደው ኮታ ግን ከሜዳው ላይ አልነበሩም። ድርቅ ይቀረጻል፤ ኮታ አይቀረጽም።

«ዝናብም ወንዝም የሌለው አገር ነው»

ይህ በከፊል የመጣው በዚያው ዓመት የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ለእርዳታ ካወጡት ዘፈን ነው። ዝናብ የማይዘንብበት፣ ወንዝ የማይፈስበት ምድር ይላል፤ ሕዝቡ የገና በዓል መሆኑን ያውቅ እንደሆነም ይጠይቃል። ዓባይ የሚነሳው ከዚሁ አገር ነው። ከራሷ ከኮረም በስተሰሜን፣ እምብዛም ሳይርቅ፣ አሸንጌ ሐይቅ ተኝቷል። ገናን በተመለከተ፣ ክርስትና የአክሱም መንግሥት ሃይማኖት የሆነው በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ታኅሣሥ 29 ቀን ምእመናን ከየአቅጣጫው በእግራቸው የሚጎርፉባት ላሊበላም ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር አካል ነበረች።

በዚያ ዘፈንና በሐምሌ 6 ቀን 1977ቱ ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት የተሰበሰበው ገንዘብ ስንዴና መድኃኒት ሆኖ የሰው ነፍስ አትርፏል። ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ቢሆንም በአሜሪካና በአውሮፓ ያደጉ ልጆቻችን ከየት እንደመጡ በተናገሩ ቁጥር በክፍል ጓደኞቻቸው የረሃብ ቀልድ ሲቀለድባቸው ኖሯል። ያ ስንዴ ከተበላ ከብዙ ዓመት በኋላም ቀልዱ አላለቀም።

«የቆየ ፎቶ ማንንም አይጎዳም»

በቅርቡ ጦርነት ወቅት የሌላ አገርና የሌላ ዘመን ፎቶዎች የእኛ ናቸው እየተባሉ ሲሰራጩ አይተናል። ቦታውና ቀኑ ያልተጻፈበትን ፎቶ ከማጋራት በፊት በጎግል የምስል ፍለጋ ከዚህ በፊት የት እንደወጣ መፈተሽ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

«መድኃኒቱ ቆንጆ ቆንጆውን ብቻ ማሳየት ነው»

ከሁሉም የሚያሰጋኝ ይህ ነው፤ ከአገር ፍቅር የሚመነጭ ስለሆነ ተከራካሪ አያገኝም። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. አዲስ ፎቶ ፌስትን ስትጀምር አፍሪካውያን ፎቶ አንሺዎች የራሳቸውን ሕይወት በራሳቸው ዓይን የሚያሳዩበት መድረክ ከፈተች። ይህ ግን ማሳመር ማለት አይደለም። ማሳመሩንማ ሞክረነዋል። ወሎ ሲራብ አገሪቱ ለቱሪስት የምትታወቀው «የ13 ወር ፀጋ» በሚል መፈክር ነበር። በመስከረም 1977 ደግሞ ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በሰልፍ፣ በቅስትና በባንዲራ አሸብርቆ ሲያከብር የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከልክለው ነበር። የአሚን ምስሎች የታዩት ከበዓሉ በኋላ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በኮረም በየሌሊቱ የሚሞተው ሰው ለቅስቱ ማማር ሲባል ሳይታይ ተቀበረ።