«ሳይቸግር ጤፍ ብድር»፦ ከእህል ሁሉ ጤፍ ለምን ተመረጠ?

ማንም ሳያስገድደው በገዛ እጁ ዕዳ ወይም ጣጣ ውስጥ ለገባ ሰው የሚወረወር አባባል ነው። ያለው ስልክ በደህና እየሠራ አዲስ በዱቤ ያወጣ፣ ሳይጠየቅ ለማያውቀው ሰው ዋስ የሆነ፣ የባልና ሚስት ጠብ መሃል ገብቶ ከሁለቱም የተቀያየመ፣ ሁሉም «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» ይባላል። ይህን ያህሉን የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ከሚበደረው ነገር ሁሉ ጤፍ የተመረጠበትን ምክንያት ነው። ጨው ብድር ወይም በርበሬ ብድር አልተባለም። ዱቄቱን ከወፍጮ ቤት በኪሎ ተመዝኖ የሚገዛ ትውልድ አባባሉን በአፉ ይዞ መራራነቱን ያጣው እዚህ ላይ ነው።

አዳማ ላይ (ትልልቆቹ ዛሬም ናዝሬት ነው የሚሏት) አራት አምስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ ሲኖር የማይዋሱት ነገር አልነበረም። እርሾ፣ ፍም፣ ጨው፣ ወንፊት፣ ምጣድ፣ እንግዳ ድንገት ሲደርስ ደግሞ ሁለት ሦስት እንጀራ። እርሾ ቢመለስም ባይመለስም ማንም አይቆጥረውም። እንጀራው በተጋገረ ዕለት በቁጥሩ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን መዋዋስ አባባሉ አይነካውም፤ ጭራሽ የማይዋስ ሰው በግቢው ውስጥ ኩሩ ተብሎ የሚታማው እሱ ነበር። የጤፍ ብድር ግን ሌላ ነገር ነው።

ጤፍ ከሌላው እህል ይወደዳል። አዳማ በምንጃርና በአድአ ጤፍ አገር አቅራቢያ ብትሆንም ነጩ ማኛ ለሁሉም ጓዳ በየወሩ የሚገባ አልነበረም። ሰርገኛው ወይም ቀዩ ይገባል፤ እሱም ከማሽላ ጋር ተቀይጦ ይፈጫል። በቤት ውስጥ በቆሎ ወይም ማሽላ ካለ ደግሞ ቂጣ ይጋገራል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ማንም ተርቦ አያድርም። ስለዚህ ጤፍ ልትበደር የወጣች ሴት ችግሯ ረሃብ አይደለም። አማች ሊመጣ ነው፣ ማኅበር ተራዋ ደርሷል፣ እንጀራዋ ጠቁሮ እንዳይታይባት ፈርታለች። «ሳይቸግር» የሚለው ቃል የሚወጋው ይህንን ይሉኝታ ነው፤ ሆድ ሳይሆን ዓይን ያስበደረውን።

ጊዜውም ክፉ ነው። ጤፍ ሐምሌ ላይ ይዘራል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል። ጓዳ የሚራቆተው፣ ብድር የሚፈለገው ክረምት ላይ ነው፤ የዚያን ጊዜ ዋጋው ሰማይ ይነካል። መመለሻው ጥር አካባቢ ነው፤ አውድማ ተወቅቶ ዋጋው ሲረክስ። አበዳሪው ታዲያ «ውዱን ሰጥቼ እርካሹን አልቀበልም» ብሎ እላፊ ይጠይቃል። ተበዳሪው እላፊውን ሲከፍል ከአዲሱ ምርት ላይ ይጎድልበታል፤ በሚቀጥለው ክረምት ጓዳው ቀድሞ ይራቆትና እንደገና ይበደራል። ገበሬው የሚፈራው ይህን አዙሪት ነበር።

የከተማዋን ሴት የሚያጣላት ግን ስፍሩ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ነው፤ አንድ ግራም ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጋ ፍሬ አለ። በጣሳ ሲሰፈር ዝም ብሎ ከፈሰሰ ላላ ይላል፤ ጣሳው መሬት ላይ ሁለት ሦስቴ ኳ ሲደረግ ይሰክንና እንደገና ጥቂት እፍኝ ይቀበላል። አንዷ ነቅንቃ ጢም አድርጋ ሰጥታ ሌላዋ ሳትነቀንቅ ብትመልስ በዓይን እኩል ነው፣ በክብደት ግን ይጎድላል። አፉ ላይ በእጅ ጠርጎ መስፈርና ከምሮ መስፈርም እንደዚሁ ነው። ከሁሉ የባሰው እህል ወስዶ ዱቄት መመለስ ነው። አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ጤፉን እህሉን ሲይዝ ከ800 ግራም በላይ ይመዝናል፤ ያው ጣሳ የተነፋ ዱቄት ሲሞላበት በጣም ይቀላል፣ ዱቄት አየር ይይዛላና። በዚያ ላይ የማበጠሩ ድካምና የወፍጮው ሒሳብ አለ። ባልቴቶቹ «በወሰድሽበት ጣሳ፣ በወሰድሽው ዓይነት» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ጣሳውም እዚያው አበዳሪዋ ቤት ያድራል።

የሚላከው ደግሞ ልጅ ነው። «‹እማማ፣ እናቴ አንድ ጣሳ ጤፍ ያበድሩኝ፣ ለእሑድ እመልሳለሁ ብላለች› በል፤ በሁለት እጅህ ያዝ፣ ክደነው» ተብሎ ይላካል። መክደኑ ለወግ አይደለም። የአዳማን ነፋስ ዛሬ በከተማዋ ዙሪያ ያሉ ኮረብቶች ላይ የቆሙት ተርባይኖች ይመሰክሩለታል፤ ያኔ ከልጅ ጣሳ ላይ ዱቄት ጠርጎ ይወስድ ነበር። እህሉ ከሆነና ግቢው አፈር ላይ ከፈሰሰ አብቅቷል። ስንዴ ቢፈስ ይለቀማል፣ ጤፍ ግን ከነአቧራው ይታፈስና ለዶሮ ይሰጣል፤ ዕዳው ግን ሙሉ ጣሳ ነው።

ቀጥሎ ጥራቱ አለ። ጤፍ የሚወቃው መሬት ላይ ስለሆነ አፈርና ደቃቅ ጠጠር ይዞ ይመጣል። በሰፌድ ተበጥሮ ገለባው ቢወጣ እንኳ ጠጠሩ እንዲለይ መንገዋለል አለበት፤ ያ ካልተደረገ እንጀራው ሲታኘክ ኮሽ ይላል። የተበጠረ ወስዳ ያልተበጠረ የመለሰች፣ ማኛ ወስዳ ሰርገኛ የመለሰች ስሟ በግቢው ሁሉ ይነሳል። ወፍጮውም የራሱ ተንኮል አለው፦ ከበቆሎ ቀጥሎ የተፈጨ ጤፍ የመጀመሪያዎቹ እፍኞች በቆሎ የተቀላቀለባቸው ይሆናሉ፤ ስለዚህ አዋቂዎቹ ወፍጮ ቤት ተራ ሲይዙ ከጤፍ አስፈጪ ኋላ ይሰለፋሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2471 ስለ ገንዘብና ስለ አላቂ ነገሮች ብድር ሲደነግግ ተበዳሪው በዓይነቱም በጥራቱም ያንኑ ያህል መመለስ አለበት ይላል። ባልቴቶቹ በጣሳ የሚሉትን ሕጉ በአንቀጽ አለው።

ዱቄቱ ቤት ከገባ በኋላም ጣጣው አያልቅም። ጤፍ ሁሉ እኩል ውሃ አያነሳም፤ የገዛ ጤፏን የምታውቅ ሴት በግምት ታቦካለች፣ በሰው ዱቄት ግን እጇ ይስታል። መድኃኒቱ ውሃውን በአንዴ አለመገልበጥ ነው፦ ለአንድ ኪሎ ዱቄት መጀመሪያ ሦስት ሩብ ሊትር ያህል አድርጎ ከእርሾ ጋር ጉብጉብ እስኪጠፋ በደንብ ማሸት፣ ከዚያ እያዩ ማቅጠን። በአዳማ ሙቀት ሊጡ በሁለት ቀን ይደርሳል፤ ደጋ ላይ እንደሚደረገው ሦስት አራት ቀን ቢቆይ ይኮመጥጣል። ላዩ ላይ የጠለለው ውሃ ይቀዳል። ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በሚፈላ ውሃ እየተማሰለ አብሲት ይጣላል፤ አብሲቱ ሳይበርድ ከተመለሰ ወይም እንደ ገንፎ ከጠነከረ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ለእንግዳ ተብሎ የተበደሩት ማኛ ዓይን ሳያወጣ ሲቀር፣ የአባባሉ ትርጉም ያን ዕለት ያለ አስተርጓሚ ይገባል።

አነጋገሩ ለማን እንደሚባልም ወግ አለው። እኩያ ለእኩያ ይባባላል፤ ታላቅ ለታናሽ ይለዋል፤ ሰው በራሱ ላይ ሲስቅም «እኔም ሳይቸግረኝ ጤፍ ብድር» ይላል፤ ከሁሉ የሚያምረውም ይኸኛው ነው። ለታላቅ ሰው ፊት ለፊት አይባልም። በተለይ እውነት ቸግሮት የተበደረን ሰው በዚህ መተረብ ነውር ነው፤ የአባባሉ መክፈቻ ራሱ «ሳይቸግር» ይላልና ለተቸገረ አይሆንም። ዛሬ ብዙዎች ማንኛውንም ዕዳ ያለበትን ሰው በዚሁ ይወርፉታል፤ ለልጅ ትምህርት ወይም ለሕክምና የተበደረ ሰው ግን ጤፍ አልተበደረም። አላስፈላጊ ጥልቅ ማለትን ለመንቀፍ ብቻ ከሆነ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይበልጥ ልክ ይመጣል፤ ዕዳ የሌለበት ነገር ነውና።

አሁን ወፍጮ ቤቱ ሚዛን አለው፤ የጣሳው ክርክር አብቅቷል። በኪሎ ተበድሮ በኪሎ ይመለሳል። ማኛ ወስዶ ሰርገኛ መመለስ ግን አሁንም አለ፤ ሚዛን ቀለም አያይም።