የኮኛክና የብራንዲ ዕድሜ፦ በጠርሙሱ ላይ ያሉት ፊደላት ምን ይላሉ?

ብራንዲ ከወይን ጠጅ የሚወጣ አረቄ ነው። ኮኛክ ሁሉ ብራንዲ ነው፤ ብራንዲ ሁሉ ግን ኮኛክ አይደለም። ኮኛክ ለመባል በምዕራብ ፈረንሳይ፣ በኮኛክ ከተማ ዙሪያ በሕግ ከተከለለው መሬት መምጣት አለበት። የነጭ ወይን ጠጅ በመዳብ ዕቃ ሁለት ጊዜ ተጣርቶ አረቄ ይሆናል። ከዚያ በኦክ እንጨት በርሜል ይተኛል።

ዕድሜ የሚባለው በርሜል ውስጥ የቆየበት ጊዜ ብቻ ነው። ጠርሙስ ከገባ በኋላ አያረጅም። 30 ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመ ጠርሙስ ዛሬም በታሸገበት ቀን ዕድሜው ላይ ነው። ቆጠራውም ወጥ ነው፦ ማጣራቱ እስከ ማርች 31 ያልቃል፤ ኤፕሪል 1 ዓመቱ መቆጠር ይጀምራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅልቅሉ ላይ ነው። አንድ ኮኛክ አብዛኛውን ጊዜ የበርካታ ዓመታት አረቄ ድምር ነው። ፊደሉ የሚናገረው ግን ስለ ታናሹ ነው። ቪኤስ (VS) ሲል ታናሹ ቢያንስ 2 ዓመት በበርሜል ቆይቷል። ቪኤስኦፒ (VSOP) 4 ነው፣ ናፖሊዮን 6፣ ኤክስኦ (XO) 10፣ ኤክስኤክስኦ (XXO) ደግሞ 14። ታላላቆቹ ከዚህ በብዙ ሊበልጡ ይችላሉ፤ ደረጃው ስለ እነሱ ምንም አይልም። አማካይ ዕድሜ ቢጻፍ ኖሮ ትንሽ አሮጌ ጨምሮ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይቻል ነበር። በታናሹ መለካት ይህን በር ይዘጋል። የኮኛክ ሰዎች ሊመሰገኑ የሚገባቸው በዚህ ነው።

የፈረንሳይ መጠጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መያዙ ግር ይላል። ምክንያቱ ገበያው ነው፤ እንግሊዞች የቆዩ ደንበኞች ናቸው። ኮኛክ አምራቹ የሄነሲ ቤት እንደሚተርከው፣ እ.ኤ.አ. በ1817፣ በኋላ ጆርጅ 4ኛ የተባሉት የእንግሊዝ እንደራሴ ልዑል «እጅግ ምርጥ፣ የቆየ፣ ፈዛዛ» ኮኛክ አዘዙ። ቪኤስኦፒ የእነዚህ የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ነው። ኤክስኦንም ሞሪስ ሄነሲ በ1870 ለወዳጅ ዘመድ ብሎ እንዳዘጋጀው ይነገራል። «እጅግ የቆየ» ማለት ነው።

ኤክስኦ ለረጅም ጊዜ የሚጠየቀው 6 ዓመት ብቻ ነበር። ወደ 10 ከፍ ያለው ኤፕሪል 1 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የታሸገ ኤክስኦ ካጋጠማችሁ ታናሹ የ6 ዓመት ሊሆን ይችላል። ያው ፊደል፣ ሌላ ዕድሜ።

ዋጋው ከዕድሜው ጋር የሚንረው ያለ ምክንያት አይደለም። በየዓመቱ 2 በመቶ ገደማ ከበርሜሉ ይተናል። አገሬው «የመላእክት ድርሻ» ይለዋል። በቀለሙ ግን አትታለሉ። ካራሜል (የተቃጠለ ስኳር) መጨመር የተፈቀደ ስለሆነ ጥቁረት የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም።

በጠርሙሱ ላይ «ፊን ሻምፓኝ» የሚለውም ሻምፓኝ ከሚባለው አረፋማ ወይን ጋር አይገናኝም፤ ዕድሜም አይደለም። አረቄው ግራንድ ሻምፓኝ እና ፔቲት ሻምፓኝ ከሚባሉት ሁለት ቀበሌዎች እንደመጣ፣ ቢያንስ ግማሹም የግራንድ ሻምፓኝ እንደሆነ ይናገራል።

ጎረቤቱ የፈረንሳይ ብራንዲ አርማኛክም የራሱ ደንብ አለው፤ እዚያ ቪኤስ 1 ዓመት ነው። የስፔኑ የሄሬዝ ብራንዲ በፊደል ፋንታ ሶሌራ፣ ሶሌራ ሬሴርቫ እና ሶሌራ ግራን ሬሴርቫ ይላል። ተራ ብራንዲ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቢያንስ 1 ዓመት በኦክ መቆየት አለበት፤ በርሜሉ ከ1,000 ሊትር ካነሰ 6 ወር ይበቃዋል። ከዚህ ውጪ ያለ ብራንዲ ላይ ኤክስኦ ወይም ኮከብ ብታዩ፣ የኮኛክን ዓመታት ይዞ ይመጣል ብላችሁ አታስቡ። ትርጉሙን የሚሰጠው የየአገሩ ሕግ ነው፤ ሕግ በሌለበት ደግሞ አምራቹ ራሱ።